በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ መነሻ

ዛሬ የቧንቧ ሠራተኛ አስመጥቼ የሻወራችንን መስመር ለሁለት አስከፈልኩት። አንዱ እጀታ ከቦይለሩ የሚመጣውን ሙቅ ውሃ ይከፍታል፤ ሌላው ከጣሪያው ሮቶ በቀጥታ የሚወርደውን ቀዝቃዛ። ዕቅዴ እስከ ጥምቀት ድረስ ጠዋት ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ እየታጠብኩ ሰውነቴ ላይ የሚሆነውን መመዝገብ ነው። ሙያዬ ነርስነት ነው። የደም ግፊት መለኪያ፣ ቴርሞሜትርና በኮሮና ጊዜ የገዛኋት የጣት ኦክሲሜትር ቤት ውስጥ አሉ፤ ሌላ የሚያስፈልገኝ ደብተርና ሰዓት ብቻ ነው።

ቀዝቃዛ ሻወር በሽታ ይከላከላል፣ ቦርጭ ያጠፋል፣ ድብርት ያባርራል፣ ቆዳ ያጠራል እየተባለ በየስልኩ ይዞራል። ዋርድ ውስጥ ሕመምተኞች ይጠይቁኛል፤ አስታማሚዎቻቸው ደግሞ ከእነሱ ብሰው ይጠይቃሉ። የልብ ድካም ያለበት ሰው ይህን ሰምቶ ነገ ጠዋት በረዶ ውሃ ራሱ ላይ ሊደፋ እንደሚችል ሳስብ ዝም ማለት ከበደኝ። የማውቀውን በራሴ ገላ ላይ አይቼ፣ ያላየሁትን ከጥናት አንብቤ መመለስ እፈልጋለሁ።

ወቅቱን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የአዲስ አበባ ሌሊት ይከፋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ንጋት ላይ አየሩ ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ይወርዳል። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለው እንዲሁ አይደለም።

እማዬ አልወደደችውም። "ልጄ፣ በዚህ ብርድ? ሳንባሽን ሊመታሽ ነው?" አለች። ፍርሃቷን አልናቅኩትም። እኛ አገር ጉንፋኑም፣ ቁርጥማቱም፣ የሳንባ ምቹም በብርድ ነው የሚሳበበው። ጉንፋን የሚያስይዘው ቫይረስ፣ የሳንባ ምች የሚያመጣውም በአብዛኛው ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ እንደሆነ ነገርኳት። እሷ ግን ብርድ ሲጠና አስሟ የሚነሳባት ጎረቤት አላት፤ ጠዋት ጠዋት ጉልበቷ ሲተሳሰርም የምታውቀው ራሷ ናት። እዚህ ላይ እውነቷን ነው፤ ቀዝቃዛ አየር የአስም ሕመምተኛን የመተንፈሻ ቧንቧ ያጠብባል። ስለዚህ የተስማማነው ከታጠብኩ በኋላ ሳልደርቅና ሳልለብስ ግቢ ላልወጣ ነው።

ጥቅምት፣ ውሃውን መለካት

ከሁሉ በፊት "ቀዝቃዛ" የምለው ውሃ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ውሃው ጥቂት ከፈሰሰ በኋላ ባልዲ ሞልቼ ቴርሞሜትሩን እነክራለሁ። ሮቶው ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ላይ ለብርድ ተጋልጦ ስለሚያድር ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሚወርደው ውሃ 14 ዲግሪ ሆነ። ጥቁር ስለሆነ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ያው ውሃ 23 ደረሰ። በፈረቃ ቀናችን በቀጥታ ከመንገድ መስመር የሚመጣው ደግሞ ቧንቧው ከመሬት በታች ስለሆነ ጠዋትም ማታም ከ18 ብዙ አይርቅም። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቀን፣ ሦስት ዓይነት "ቀዝቃዛ" ውሃ አለ ማለት ነው።

ይህን የጻፍኩት ሰው ሁሉ "እኔም በቀዝቃዛ ነው የምታጠበው" ስለሚል ነው። ከሰዓት በኋላ በ23 ዲግሪ የሚታጠብና ንጋት ላይ በ14 የሚታጠብ አንድ ነገር እያደረጉ አይደለም። ጅዳ የምትሠራው ያክስቴ ልጅ ስነግራት ሳቀች፤ በበጋቸው ከጣሪያ ታንከር የሚወርደው "ቀዝቃዛው" ውሃ ያቃጥላል፣ ማታ ባልዲ ሞልተው ኤሲ ያለበት ክፍል አሳድረው ነው ጠዋት የሚታጠቡት።

ዲግሪው ለምን እንደሚያስፈልግ ከአንድ የታወቀ ጥናት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2000 የቼክ ተመራማሪዎች ወጣት ወንዶችን ራሳቸው ብቻ ሲቀር ውሃ ውስጥ ነክረው ለአንድ ሰዓት አስቀመጧቸው። በ32 ዲግሪ ሰውነታቸው ኃይል የሚያቃጥልበት ፍጥነት አልተለወጠም። በ20 ዲግሪ በ93 በመቶ ጨመረ። በ14 ዲግሪ በ350 በመቶ ጨመረ፤ ደማቸው ውስጥ ያለው ኖርአድሬናሊን የተባለ ሰውነት የሚያነቃ ሆርሞን በ530 በመቶ፣ ከስሜት ጋር የሚያያዘው ዶፓሚን ደግሞ በ250 በመቶ ከፍ አለ። ቀዝቃዛ ሻወርን የሚያወድስ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ይህን 250 በመቶ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ እስከ አንገት ተነክሮ መቀመጥ መሆኑ ግን አይነገርም። የእኔ ሻወር ከአንድ ደቂቃ አትበልጥም። ቁጥሩን ለራሴ አልወስደውም፤ የምወስደው አቅጣጫውን ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ የሰውነት ምላሽ ይበረታል።

ጥቅምት፣ የአጀማመር ሥርዓት

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ቄስ ከሴባስቲያን ክናይፕ ሁለት ነገር ወሰድኩ። ክናይፕ በወጣትነቱ በሳንባ በሽታ ተይዞ ዳኑብ ወንዝ ውስጥ ለአጭር ጊዜ እየገባ ይወጣ የነበረ፣ በኋላም ባቫሪያ ውስጥ ባድ ቮሪስሆፈን በምትባል ከተማ ብዙ ሕዝብ በውሃ ያከመ ሰው ነው። ካስተማረው ሁሉ የምስማማ አይደለሁም፤ ሁለቱ ደንቦቹ ግን ከፊዚዮሎጂ ጋር ይሄዳሉ። አንደኛው፦ ቀዝቃዛ ውሃ በቀዘቀዘ ገላ ላይ አይደረግም፣ መጀመሪያ ሰውነት ይሙቅ። ሁለተኛው፦ ከልብ ከራቀው ተጀምሮ ወደ ልብ ይመጣል።

ስለዚህ በሙቅ ውሃ ታጥቤ፣ ሳሙናዬን አስለቅቄ እጨርሳለሁ። ከዚያ ሙቁን ዘግቼ ቀዝቃዛውን እከፍታለሁ። ቀኝ እግር ከጣት እስከ ጉልበት፣ ግራ እግር፣ ቀኝ እጅ እስከ ትከሻ፣ ግራ እጅ፣ ሆድ፣ በመጨረሻ ደረትና ጀርባ። ሹሩባዬ በየቀኑ ከራሰ አይደርቅልኝምና ፀጉሬን በላስቲክ እሸፍናለሁ። በሩን አልቆልፍም፤ እርጥብ ሴራሚክ ላይ የጎማ ምንጣፍ አንጥፌያለሁ። ጊዜው ለመነሻ 30 ሰከንድ ነው።

ጥቅምት፣ የመጀመሪያዎቹ ጠዋቶች

እግሬንና እጄን ችዬዋለሁ። ውሃው ጀርባዬን የነካ ጊዜ ግን ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ሳላስበው አንድ ትልቅ አየር ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ ከዚያ ልክ ደረጃ ሮጦ እንደወጣ ሰው አከታትዬ መተንፈስ ጀመርኩ። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ተሰቀለ፣ መንጋጋዬ ገጠመ፣ ልቤ ድው ድው ማለቱ በጆሮዬ ተሰማኝ። 30 ሰከንድ ረጅም ነው።

ይህ የብርድ ድንጋጤ የሚሉት ነው። ቆዳ ሥር ብርድን የሚያውቁ የነርቭ ጫፎች አሉ፤ ከእነሱ ላይ ያለችው ትሪፕ ኤም 8 የምትባል ፕሮቲን ቅዝቃዜ ሲነካት ትከፈታለች። ናና ስናኝክ ወይም ሜንቶል ከረሜላ ስንጠባ አፋችን የሚቀዘቅዘን ሜንቶሉ ይህችኑ ፕሮቲን ስለሚከፍታት ነው። ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ሁለቱም ሜንቶልን ተጠቅመው ይህችን ፕሮቲን ማግኘታቸው አንዱ ሥራቸው ነበር። ብዙ ቆዳ በአንድ ጊዜ ሲቀዘቅዝ መልእክቱ ወደ አንጎል ይጎርፋል፤ ሰውነትን ለአደጋ የሚያዘጋጁት ሲምፓቴቲክ የሚባሉ ነርቮች ይነሳሉ፣ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ከእጃችን ይወጣል። ከፍተኛው ነጥብ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ውስጥ ነው፤ በሁለትና ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ድንገት የወደቀ ዋናተኛ እንኳ የሚሰምጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ያ የመጀመሪያ ትንፋሽ ውሃ ይዞ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። ወደ ውስጥ መሳቡን ማስቆም አልችልም፣ ማውጣቱ ግን የእኔ ነው። ከንፈሬን ሰብስቤ ቀስ ብዬ ሳወጣ የሚቀጥለው ትንፋሽ ራሱ ይረዝማል። ከዚህ በኋላ የምመዘግበው ዋና ነገር ይህ ነው፦ ውሃው ጀርባዬን ከነካ ጀምሮ አንድ ረጋ ያለ ሙሉ ትንፋሽ እስካወጣ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? በእነዚህ ጠዋቶች 25 ሰከንድ አካባቢ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፣ መለኪያዎቹ

ኦክሲሜትሯን ጣቴ ላይ አድርጌ የልብ ምቴን ከመታጠቤ በፊት አነባለሁ፤ 72 አካባቢ ነኝ። ከቀዝቃዛው እንደወጣሁ ግን መሣሪያዋ ሰረዝ ብቻ ታሳያለች፣ ወይም የማይታመን ቁጥር ትጥላለች። ምክንያቱ ራሱ ትምህርት ነው። ኦክሲሜትር የምታነበው በጣት ደም ሥር የሚያልፈውን የደም ምት በብርሃን እያየች ነው፤ ብርዱ የጣቴን ደም ሥሮች ስላጠበባቸው የምታየው ደም የለም። ጥፍሬን ስጫነው ነጥቶ ወደ ቀለሙ ለመመለስ ይዘገያል። ዋርድ ላይም እጁ የቀዘቀዘ ሕመምተኛ ሲገጥመን ጣቱን ሳናሞቅ ቁጥሩን አናምንም። ስለዚህ አንገቴ ላይ በሁለት ጣት እየቆጠርኩ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 104 እና 106 ነበሩ።

ደም ግፊቴ ከመታጠቤ በፊት 118 በ74፣ ክንዴን አድርቄ ወዲያው ስለካ 136 በ84። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሃይንዝና ብራውን የተባሉ ሐኪሞች የሰውን እጅ በረዶ ውሃ ውስጥ ነክረው ግፊቱ ምን ያህል እንደሚዘል የሚለኩበት ምርመራ አስተዋውቀው ነበር። አንድ እጅ ብቻ ነው የተነከረው። ጤነኛ ሰው ይህን ዝላይ ይችለዋል፤ እኔ የምፈራው ግፊቱ ቀድሞውኑ 160 የሆነውን ነው።

እማዬን እዚህ ላይ አነሳኋት። አምሎዲፒን የተባለ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ አንዳንድ ሳምንት 150 በ90 አነባታለሁ። "አንቺ ከቻልሽው እኔስ?" ስትለኝ "አይሆንም እማዬ፣ ያንቺ በሙቅ ነው" አልኳት። የደረት ውጋት ያለው፣ የልብ ምቱ የሚዛባ፣ ስትሮክ ያገኘው፣ ግፊቱ ያልተረጋጋ፣ በብርድ ጣቱ የሚነጣና የሚደነዝዝ፣ ብርድ ሲነካው ቆዳው የሚያብጥና የሚያሳክከው ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ይህን አይጀምር። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ።

ኅዳር፣ ለውጡ ሲታይ

ንጋት ላይ ውሃው 13 ሆኗል፤ አንድ ቀን 12 አየሁ። እንዲያም ሆኖ ትንፋሼን ለማረጋጋት የሚፈጅብኝ ጊዜ ወርዷል፤ መጀመሪያ 15 ሰከንድ፣ አሁን ከ10 በታች። የልብ ምቴ ከ90 አያልፍም። ትከሻዬ አሁንም ይነሳል፣ ግን አውቄ አወርደዋለሁ። ጊዜውን ወደ 60 ሰከንድ አሳደግኩት።

የእኔ ጽናት አድርጌ አላየሁትም። እንግሊዝ አገር ፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ማይክ ቲፕተንና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ያጠኑት ነገር ነው። ሰው ለሦስት ደቂቃ ያህል አምስት ስድስት ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢገባ የድንጋጤው ምላሽ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ለወራት ሳይገባ ቆይቶ እንኳ ልምዱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በሻወር ብቻም ማላመድ እንደሚቻል አሳይተዋል። ውሃው ያው ነው፣ ብርዱም ያው ነው፤ የተለወጠው የነርቮቹ ምላሽ ነው።

ከዚህ ሥራ እስካሁን በእርግጠኝነት የምመሰክርለት ጥቅም ይህ ነው። ሰውነቴ ሲደነግጥ ትንፋሼን መልሼ መያዝ ተምሬያለሁ፤ በየጠዋቱ፣ በአጭር ጊዜ፣ ጉዳት በሌለበት ቦታ። ባለፈው ሳምንት ድንገተኛ ክፍል ልቡ የቆመ ሕመምተኛ ገብቶ ደረቱን ስንጫን ትንፋሼን ያወጣሁት ሻወር ውስጥ በማወጣው መንገድ ነበር። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን በቁጥር ላሳይ አልችልም፣ ግን ለእኔ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጣል።

ኅዳር፣ ሕመም ይከላከላል ወይ?

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። በዚህ ላይ የተሠራው ትልቁ ጥናት የኔዘርላንድስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ክረምታቸው ላይ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 የሆኑ 3,018 ሰዎች በዕጣ ተመደቡ። አንዱ ቡድን እንደ ወትሮው ታጠበ፤ ሌሎቹ ከሙቁ በኋላ ለ30፣ ለ60 ወይም ለ90 ሰከንድ በቀዝቃዛ ጨረሱ፤ ለ30 ተከታታይ ቀናት። የውሃው ቅዝቃዜ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ነበር። በቀዝቃዛ የጨረሱት ከሥራ የቀሩበት በ29 በመቶ ቀነሰ። የታመሙባቸው ቀናት ግን አልቀነሱም። 30 ሰከንድ የታጠበውና 90 ሰከንድ የታጠበውም ውጤታቸው አንድ ነው።

ይህን ለዋርዳችን ባልደረቦች ስነግር አንዷ "ታዲያ ታመው ነው ሥራ የገቡት?" አለች። አዎ፣ ቁጥሩ የሚለው እንደዚያ ነው። ጉንፋኑ ይዟቸዋል፤ ግን ቀለል ብሏቸው ይሆናል፣ ወይም ጉልበት ተሰምቷቸው ይሆናል፣ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ የቻለ ሰው በጉንፋን አልቀርም ብሎ ይሆናል። ማን በቀዝቃዛ እንደታጠበ ከራሱ መደበቅ ስለማይቻል ይህን መለየት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 አውስትራሊያ ውስጥ 11 ጥናቶችንና 3,177 ሰዎችን አንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎችም ወዲያው የሚታይ የበሽታ መከላከል ለውጥ አላገኙም፤ እንዲያውም ከቀዝቃዛው ወዲያው በኋላ በደም ውስጥ የሚታዩ የብግነት ምልክቶች ከፍ ብለዋል። ጭንቀት ግን ከቀዝቃዛው ውሃ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲለካ ቀንሶ ተገኝቷል።

ስለዚህ "አያሳምምም" አልልም። እኔም በኅዳር አጋማሽ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ትኩሳት ስለነበረኝ እስኪለቀኝ ቀዝቃዛውን ተውኩት። ትኩሳት ያለው ሰው ሰውነቱ ሙቀት ለመሥራት እየታገለ ነው፤ ማንቀጥቀጥ አይገባም።

የብርድና የፈጣን አተነፋፈስ ሥልጠና የሚሰጠው ዊም ሆፍ የተባለው ሆላንዳዊ ስልክ ላይ ስለሚታይም ይጠይቁኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የኔዘርላንድሱ ራድቡድ ዩኒቨርሲቲ 24 ሰዎች ላይ ባደረገው ሙከራ የእሱን ሥልጠና የወሰዱት የባክቴሪያ መርዝ በደም ሥራቸው ሲሰጣቸው ሕመሙ ቀሏቸዋል። በኋላ ትንፋሹና ብርዱ ተለያይተው ሲጠኑ ግን ዋናው ሥራ የትንፋሽ ልምምዱ እንጂ ብርዱ ብቻውን አልነበረም። ያንን ፈጣን አተነፋፈስ ውሃ ውስጥ ወይም ሻወር ውስጥ ፈጽሞ አታድርጉ። ራስ ያስታል።

ኅዳር መጨረሻ፣ ወንድሜ

ታናሽ ወንድሜ ጂም ብረት ያነሳል። የእኔን አይቶ ከጂም እንደመጣ በቀዝቃዛ መታጠብ ጀመረ። "እህቴ፣ ሕመሙ ይቀንስልኛል" ይላል፤ ልክ ነው፣ ከስፖርት በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መግባት የጡንቻ ሕመምን እንደሚቀንስ ትናንሽ ጥናቶች ተደማምረው ያሳያሉ። እሱ የሚፈልገው ግን ጡንቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ለ12 ሳምንታት ብረት ያነሱ ወንዶችን አወዳድሯል፤ ከስፖርቱ በኋላ ለ10 ደቂቃ በ10 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የተቀመጡት ጡንቻቸውም ጉልበታቸውም ቀላል እንቅስቃሴ ካደረጉት ያነሰ አደገ። ብርዱ ጡንቻ እንዲገነባ የሚሰጠውን ምልክት ያዳክመዋል። ሻወር ከመነከር የቀለለ ቢሆንም ጠዋት ታጠብ፣ ማታ ከብረቱ በኋላ ተወው አልኩት። ቅዳሜ ኳስ ተጫውቶ ሲመጣ ግን ይታጠብ፤ ያኔ የሚፈልገው እሑድ ተነስቶ መራመድ ነው።

ቦርጭን በተመለከተ አጭር ልበል። ሰውነት ሙቀት ለመሥራት የሚያቃጥለው ቡናማ ስብ የሚባል አለ። ሕፃናት ብዙ አላቸው፤ አዋቂዎችም አንገትና ትከሻ አጥንት አካባቢ እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በምስል ምርመራ ተረጋግጧል። የአንድ ደቂቃ ሻወር ግን ቦርጭ አያጠፋም። ቦርጭ የሚያሳስበው ሰው ከሻወሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ይራመድ።

ታኅሣሥ፣ ተረኛ ስሆን

የሌሊት ተረኛ የሆንኩበት ወር ነው። መጀመሪያ የወሰንኩት ከተረኛ ስመለስ ቀዝቃዛውን ላለመንካት ነው፤ ሊተኛ የተዘጋጀ ሰውነት ላይ ኖርአድሬናሊን ማንሳት አልፈልግም። ተረኛ ከመግባቴ በፊት ማታ 1 ሰዓት ላይ ስታጠብ ግን ሌሊቱ ቀለለኝ። እስከ እኩለ ሌሊት ቡና አልፈለግኩም።

ለእንቅልፍ ከሆነ ሙቁ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቴክሳስ ላይ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያቀናጁ ሰዎች ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት ከ40 እስከ 42 ተኩል ዲግሪ በሆነ ውሃ መታጠብ እንቅልፍ በአማካይ ወደ 10 ደቂቃ አፍጥኖ እንደሚያመጣ ጽፈዋል። ሙቁ ውሃ እጅና እግር ላይ ደም ያመጣል፣ ደሙ ሙቀቱን አውጥቶ የውስጥ አካልን ያበርዳል። እቴጌ ጣይቱም እ.ኤ.አ. በ1886 ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩት ፍልውሃው ዘንድ ነው፤ ከተማችን የተቆረቆረችው በሙቅ ውሃ ዙሪያ ነውና ሙቁንም አንናቀው።

ቆዳዬ ላይ ያየሁት ለውጥ ደስ ብሎኛል። በዚህ ደረቅ ወራት ቅልጥሜ ይነጣል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ቫዝሊን እንኳ አይበቃውም ነበር። አሁን ሙቁ ላይ የምቆይበት ጊዜ ስላጠረ ነጣ ማለቱ ቀንሷል። ይህ የብርዱ ተአምር አይደለም፣ የሙቁ ውሃ መቀነስ ነው፤ በጣም ሙቅ ውሃ የቆዳን ቅባት ያጥባል። "የቆዳን ቀዳዳ ይዘጋል" የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ቀዳዳዎቹ የሚከፈቱና የሚዘጉበት ጡንቻ የላቸውም።

ታኅሣሥ፣ ጸበል

እማዬ በዚህ ወር ለጸበል ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ትወጣለች። ንጋት ላይ፣ በባዶ ሆድ፣ ያን ብርድ ችላ ትጠመቃለች። እኔን "ብርድ ይመታሻል" ያለችኝ እማዬ እዚያ ብርዱን አታነሳውም። እሷ የምትሄደው በእምነት ነው፤ እኔም ጸበሉን ከሻወሬ ጋር በአንድ መዝገብ አልጽፈውም። ነገር ግን ልቧና ደም ሥሮቿ እዚያም ያው ናቸውና አብሬያት ወጣሁ።

ቀደም ብዬ ግፊቷን ለክቼ 138 በ82 ስለነበር ደስ አለኝ። "እማዬ፣ መጀመሪያ እጅሽንና ፊትሽን አስነኪ፣ ትንፋሽሽን አውጪ፣ ከዚያ ይፍሰስብሽ" አልኳት። አጥማቂውም ሲነገራቸው አልተቆጡም፤ ለአቅመ ደካሞች ቀስ እያሉ እንደሚያፈሱ ነገሩን። ወጥታ ነጠላዋን ደራርባ እንደተቀመጠች ደረቷን፣ ራሷን፣ ዓይኗን ጠየቅኳት፤ ምንም የለም። ቁርሷን ቀምሳ መድኃኒቷን ዋጠች። ጸበል የሚሄዱ የግፊት ሕመምተኞች ሁሉ ኪኒናቸውን ሳይተዉ ይህን ቢያደርጉ እመኛለሁ።

ጥር፣ ልኬቶቹ ሲገመገሙ

ጥምቀት አለፈ፤ ደብተሩን ከፍቼ አየሁት። በ12 እና በ14 ዲግሪ መካከል ባለ ውሃ ትንፋሼን ለማረጋጋት የሚፈጅብኝ ከ25 ሰከንድ ወደ 6 ወርዷል። ከቀዝቃዛው እንደወጣሁ የልብ ምቴ ከ104 ወደ 86። የደም ግፊቴ ዝላይ ከ18 ነጥብ ወደ 10 ያህል። አርፌ ስለካ ግፊቴ ግን አልተለወጠም፤ ያው 118 አካባቢ ነው። ክብደቴም እንዳለ ነው። ጠዋት ላይ መንፈሴ ከፍ ይላል፤ ከታጠብኩ በኋላ ለሁለት ሦስት ሰዓት ያህል። ይህ ከብርዱ ይሁን በጊዜ ከመነሳቱ፣ ልለየው አልችልም፤ ግን እፈልገዋለሁ።

ኤሌክትሪኩንም አሰላሁት። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 40 ዲግሪ ለማሞቅ 1.45 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። እኔ አሁን በሙቁ የምቆየው ከቀድሞው ግማሽ ስለሆነ ቦይለሩ ለእማዬ ይተርፋል።

ከ60 ሰከንድ በላይ አልሄድኩም፣ መሄድም አልፈልግም። የኔዘርላንዱ ጥናት 30ውንና 90ውን እኩል ካደረገ ለመወዳደር ብዬ ራሴን የማንቀጥቅጥበት ምክንያት የለም። ከንፈሬ ከጠቆረ ወይም ከወጣሁ በኋላ መንቀጥቀጡ ካልተወኝ በዝቷል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ቀን አሳጥራለሁ።

ዋርድ ላይ ሦስት ባልደረቦቼ እንጀምር ብለዋል። ለእነሱ አንድ ገጽ አዘጋጅቻለሁ። መጀመሪያ በሦስት የተለያዩ ቀናት ግፊታቸውን ይለኩ፤ አንዱ እንኳ ከ140 በ90 ከበለጠ ይቆዩ፣ ሐኪም ያማክሩ። የልብ፣ የአስምና የብርድ አለርጂ ታሪክ ይጠየቃል። ውሃቸውን በቴርሞሜትር ይለኩ፤ ከ18 ዲግሪ ጀምሮ ወደ ታች እንጂ በቀጥታ ከንጋት ሮቶ አይጀመርም። ለመጀመሪያው ሳምንት ከጉልበት በታችና እጅ ብቻ፣ 15 ሰከንድ። ጀርባ በሁለተኛው ሳምንት። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሲኖር ብቻ፣ በር ሳይቆለፍ፣ መጠጥ ሳይቀመስ። ሁለቱ ነገ ይለካሉ፤ ሦስተኛዋ ግፊቷ 148 በ94 ሆኖ ስላገኘሁት ለሐኪም ቀጠሮ አስይዣታለሁ፤ ግፊት እንዳለባት እስካሁን አታውቅም ነበር።